ሣጥኑ የሚከፈትበት ቀን

የበዓል ምግብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ያዘጋጀው ሰው ባለበት ነው። ዶሮ ወጡ ከእሳት እንደወረደ ይቀርባል፤ ድፎ ዳቦው ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጨው ቢያንስ ባለቤቲቱ አይታ ትጨምራለች፣ ቢቀዘቅዝ ታሞቃለች። በቤት ተጋግሮ በሣጥን የሚሰጥ ኩኪስ ግን ይህ ዕድል የለውም። ክዳኑ አንዴ ከተገጠመ ጋጋሪው ምንም ሊያስተካክል አይችልም። ሣጥኑ በሰው እጅ ወይም በፖስታ ይሄዳል፣ ከአንድ ቤት ይደርሳል፣ መደርደሪያ ላይ ሦስት ቀን ወይም ሳምንት ይቀመጣል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይከፍተዋል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ጥሩ የኩኪስ ሣጥን የሚሠራው ከሚከፈትበት ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ምን እንደሚጋገር፣ መቼ እንደሚጋገር፣ የቱ ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ መወሰን ያለበት ያ ቀን ነው። ብዙ ሣጥኖች የሚበላሹት ጋጋሪው ሙያ አጥቶ ሳይሆን ስሌቱን ክዳኑ በተዘጋበት ሌሊት ላይ ስለጨረሰው ነው፤ በዚያ ሌሊት ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም ይጣፍጣል።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ምግብ የቆየ ቃል አለው፤ ስንቅ ይባላል። ስንቅ ዛሬ ተዘጋጅቶ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ የሚበላ ነው፤ ስለዚህ መሻገቱን፣ መፈርፈሩን፣ ማርጀቱን ቀድሞ ማሰብ ግድ ይላል። ዳቦ ቆሎ የዚህ አሳብ ልጅ ነው። ሊጡ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፣ እየተድቦለቦለ እንደ ገመድ ይሳባል፣ በሽንብራ ልክ ይቆረጣል፣ ምጣድ ላይ እየተማሰለ ውሃው እስኪወጣ ይቆላል። ከዚያ በኋላ በደንብ ከተከደነ ሳምንታት ቢቆይም ያው ነው። በሶም ሆነ ጭኮ በዚሁ መንገድ የተገኙ ናቸው፤ ገብሱ አስቀድሞ በመቆላቱ ውሃውን ጥሏል። ኩኪስ ለብዙ አንባቢ የካፌና የልጆች ልደት ነገር ይመስላል፤ ከኬክ ጎን ስለሚሸጥም የኬክ ታናሽ ወንድም ተደርጎ ይታሰባል። በተፈጥሮው ግን ከኬክ ይልቅ ለዳቦ ቆሎ ይቀርባል። ብስኩት የምንለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ በኩል የደረሰን የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ማብሰል ዓላማው ማድረቅ ነበር፣ ለመርከበኛና ለወታደር ስንቅ እንዲሆን።

በተለያዩ አገሮች የበዓል ስጦታ ለመሆን የበቁትን ኩኪሶች ብንመለከት ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። በደቡብ ጀርመን የምትገኘው ኑረምበርግ በገና ብስኩቷ በሌብኩኸን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የታወቀች ናት። ከተማዋ ሁለት ነገሮች ነበሯት፤ በዙሪያዋ ካለው ሰፊ ጫካ የሚቆረጥ ማርና በንግድ መስመር ላይ በመሆኗ ከሩቅ የሚመጣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ሄል። ማር ውሃን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ሌብኩኸን ሲወጣ ጠንካራ ሆኖ በዕቃ ውስጥ ከቆየ በኋላ እየለሰለሰና ቅመሙ እየተዋሐደ ይሄዳል። ጀርመናውያን ቤት ውስጥ ሲያዘጋጁት ሣጥኑ ውስጥ የፖም ቁራጭ ያስቀምጣሉ፤ ፖሙ ቀስ እያለ የሚለቀውን እርጥበት ብስኩቱ ይጠጣዋል። ፖሙ እንዳይሻግት ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት እንጂ ዘዴው አይስትም። የኑረምበርግ ጋጋሪዎች በ1643 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ፤ ምርታቸውም ከከተማቸው ርቆ መሄድ የሚችል ነበር። ዛሬ የተጋገረ ሌብኩኸን ዛሬ ከሚበላ ይልቅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢበላ ይሻላል፤ ስጦታ ለመሆን ከዚህ የተሻለ ባሕርይ ማግኘት ያስቸግራል።

ከጀርመን ርቀን ብንሄድም ነገሩ አይለወጥም። በ1796 በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ የታተመው የአሚሊያ ሲመንስ መጽሐፍ አሜሪካዊ ጸሐፊ ለአሜሪካውያን ያዘጋጀው የመጀመሪያው የምግብ መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል። በውስጡ ለገና የሚሆን ኩኪ አሠራር አለ። ሦስት ፓውንድ ዱቄት፣ አንድ ፓውንድ ቅቤ፣ አንድ ተኩል ፓውንድ ስኳር፣ እንዲሁም አንድ የሻይ ሲኒ የተወቀጠ ድንብላል ይገባበታል። ድንብላልን ለወጥ ብቻ የምናውቅ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ማለታችን አይቀርም፤ ከስኳርና ከቅቤ ጋር ሲገናኝ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ጠረን ይሰጣል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ደራሲዋ መጨረሻ ላይ የጨመረችው ምክር ነው፤ ኩኪው መጀመሪያ ላይ ደረቅና ጠንካራ ቢሆንም በሸክላ ማሰሮ ቢቀመጥ ከስድስት ወር በኋላ የበለጠ ለስልሶና ጣፍጦ እንደሚገኝ ትናገራለች። ስድስት ወር! ለእሷ የገና ኩኪ ማለት ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነገር ነበር። ግብፅ ውስጥ ለዒድ አል ፊጥር የሚጋገረው ካህክም እንዲሁ ነው። የሚሠራው በተነጠረ ቅቤ ነው፣ ላዩ በተፈጨ ስኳር ይሸፈናል፣ በትሪ በትሪ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በፋጢማውያን ዘመን ካይሮ ውስጥ ለዒድ የሚታደል ጣፋጭ የሚዘጋጅበት የተለየ የመንግሥት ቤት ነበር። ለሕዝብ የሚታደል ጣፋጭ ደግሞ አስቀድሞ ተጋግሮ መከማቸት አለበት፤ በአንድ ሌሊት አይደርስም።

የቆርቆሮው ሣጥንም የመጣው ከመንገድ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በሬዲንግ ከተማ ጆሴፍ ሃንትሊ በ1822 የብስኩት ሱቅ ሲከፍት ከሱቁ ፊት ለፊት የፈረስ ሠረገላዎች የሚቆሙበት ማረፊያ ነበር። መንገደኞች ብስኩት ገዝተው ይሳፈራሉ፤ ሠረገላው ሲንገጫገጭ ብስኩቱ ይደቅቃል፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ይለሰልሳል። የሃንትሊ ልጅ በአቅራቢያው የቆርቆሮ ሥራ ነበረውና ብስኩቱን በቆርቆሮ ሣጥን መሸጥ ጀመሩ። ኋላ ሃንትሊና ፓልመርስ በሚል ስም የዓለም ታላቅ የብስኩት ፋብሪካ የሆነው ይኸው ሱቅ ነው፤ ሣጥኖቹም በሥዕል እየተጌጡ ለገና የሚሰጡ ዕቃዎች ሆኑ። ዛሬ ብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ባዶው የብስኩት ቆርቆሮ መርፌና ክር ማስቀመጫ ሆኖ ዓመታት ይቆያል። ለዚያ ያበቃው ጥብቅ ክዳኑ መጀመሪያ የተሠራው እርጥበት እንዳያስገባ ነበር። ጌጡ ኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ፤ የዚህ ሁሉ ምስጢር ያለው ውሃው ላይ ነውና። የኩኪስ ሊጥ ብዙ ስኳርና ቅባት፣ ጥቂት ውሃ አለው። ኦቭን ውስጥ ሲገባ ስኳሩ በዚያች ጥቂት ውሃ ይሟሟል፣ ውሃው ይተናል፣ ስኳሩም ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ሆኖ ይረጋል። ሲነከስ ቀጭ የሚለው ያ ስኳራዊ መስታወት ሲሰበር ነው። ኩኪስ ከኦቭን እንደወጣ ለስላሳ ሆኖ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገና አልበሰለም ብሎ መልሶ የሚያስገባ ሰው የሚያሳርረውም ለዚሁ ነው። ይህ መስታወት ከአየር ላይ እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ኩኪሱም መቆርጠሙ ይቀርና ይልፈሰፈሳል። ዳቦ በተቃራኒው ነው። የዳቦ ስታርች በቆየ ቁጥር እንደገና እየተደራጀ ስለሚጠነክር ዳቦ ሲያረጅ ይደርቃል። በ1991 እንግሊዝ ውስጥ ይህ ልዩነት የግብር ክርክር ማስረጃ እስከመሆን ደርሷል። ጃፋ ኬክ የተባለው በቸኮሌት የተሸፈነ ጣፋጭ ብስኩት ከሆነ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል፣ ኬክ ከሆነ ግን ነጻ ነው። ጉዳዩን የመረመረው የታክስ ጉባኤ ካያቸው ነገሮች አንዱ ጣፋጩ ሲያረጅ የሚሆነው ነበር፤ ኬክ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ብስኩት ሲቆይ ይለሰልሳል። ጃፋ ኬክ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ኬክ ነው ተባለ። ለሣጥን የሚሆነውን ለመምረጥም ይህ ጥያቄ ይበቃል፤ ሲያረጅ ምን ይሆናል?

ከዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ እንደማምነው በኩኪስ ሣጥን ላይ ከሚደርሱ ጥፋቶች አብዛኞቹን የሚያብራራው ይኸው ነው። የምግብ ሳይንስ ባለሙያዎች በምግብ ውስጥ ያለውን ውሃ በብዛቱ ብቻ አይለኩትም፤ ምን ያህል ነጻ ነው ብለውም ይለኩታል። መለኪያው ከ0 እስከ 1 ነው። ንጹሕ ውሃ 1 ነው። ደረቅ ኩኪስ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 በታች ይሆናል። ሻጋታ ከ0.6 ገደማ በታች ማደግ አይችልም፤ ለዚህ ነው ደረቅ ኩኪስ ፍሪጅ ሳይገባ የማይሻግተው። በአንድ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ግን ውሃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ነጻ ውሃ ካለው ወደሌለው ይሄዳል፣ እኩል እስኪሆኑ ድረስ አያቆምም። ሠላሳ ደረቅ ኩኪስ ባለበት ሣጥን አምስት እርጥብ የቸኮሌት ብራውኒ ቢጨመር፣ በሦስተኛው ቀን ብራውኒው ጠርዝ ጠርዙ ደርቆ ሠላሳውም ለስልሶ ይገኛል። ሁለቱም ለየብቻ ሲቀመሱ እንከን አልነበራቸውም፤ ያጠፋቸው ጉርብትናቸው ነው። ሽታም እንዲሁ ይጓዛል። ቅባት ጠረንን ስለሚይዝ ፔፐርሚንት ያለበት አንድ ኩኪስ የቅቤውንም የዝንጅብሉንም ፔፐርሚንት ያደርጋቸዋል። ስለዚህ እርጥቡና ደረቁ በተለያየ ዕቃ ይሂዱ፤ አንድ ሣጥን ብቻ ካለ ደግሞ ደረቁ ይመረጥና እርጥቡ ይቅር። ማርማላታ የሚገባበት ሳንድዊች ኩኪስ ልቡን ለሚያማልለው ሰው መላ አለው፤ ኩኪሱ ቀድሞ ተጋግሮ በቆርቆሮ ይቀመጣል፣ ማርማላታው የሚቀባው ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

ሁለተኛው የሣጥን ጠላት አየር ነው፤ የሚያጠቃውም ቅባቱን ነው። ቅባት ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲቆይ ይከረፋል። እዚህ ላይ የቅባቱ ዓይነት ብዙ ልዩነት ያመጣል። ተራ የፈረንጅ ቅቤ ከመቶ 80 ያህሉ ቅባት ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ተነጥሮ ውሃው የወጣለት ቅቤ ግን ኩኪሱን ይበልጥ ደረቅና ፍርፍር ያደርገዋል፤ የካህክ ዕድሜ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከቅባት እህሎች ሰሊጥ ጠንካራ ነው፤ መክረፋትን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች በተፈጥሮው ስላሉት ዘይቱ ከብዙዎቹ ዘይቶች በላይ ይቆያል። ሁመራ ሰሊጥ በሚመረትበት አገር የሰሊጥ ኩኪስ ከካፌ ትሪ ወደ ስጦታ ሣጥን አለመሻገሩ ያስቆጫል። የኑግ ዘይት በአንጻሩ በቀላሉ የሚለወጥ የቅባት ዓይነት ስለሚበዛበት ለሳምንታት ለሚቀመጥ ኩኪስ አይመከርም። ዋልነትም ቶሎ ይከረፋል፤ አልሞንድ ይታገሣል።

ስለ ቅቤ ከተነሣ ጾምን ማለፍ አይቻልም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኩኪስ የሚለዋወጡት የሥራ ባልደረቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ገናን በሚያከብሩበት በዲሴምበር 25 ሰሞን ነው። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው። ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት የሚፈታው በልደት፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ስለዚህ በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ሣጥን ለጾመኛ ቤተሰብ በዚያ ሰሞን ቢሰጥ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ መቀመጥ አለበት። ይህ ለዚህ ምዕራፍ ክርክር ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይመስለኛል፤ የሚከፈትበትን ቀን ያላሰበ ጋጋሪ ሊከፈት የማይችል ስጦታ ይሰጣልና። ጥያቄው ለእኛ ብቻ የመጣም አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከገና በፊት ያለው ጊዜ የጾም ወቅት ነበር፣ ቅቤም ክልክል ነበር። የሳክሶኒ መሳፍንት የገና ዳቦው በዘይት ሲጋገር አይጣፍጥም ብለው ለሮም አመለከቱ፤ ጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛም በ1491 «የቅቤ ደብዳቤ» ተብሎ በሚታወቀው ጽሑፍ ፈቀዱላቸው። ዛሬ ድሬዝደን የምትታወቅበት ቅቤ የጠገበው ሽቶለን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤ ለማይጠብቅ ጾመኛ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የጾም ሣጥን መሥራት ነው፤ ዘይት፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ቀረፋና ዝንጅብል ያለ እንቁላልና ቅቤ ጥሩ ደረቅ ኩኪስ ይወጣቸዋል፣ ስኳር ያለበት ዳቦ ቆሎም ከጎናቸው ቢገባ ቦታው ነው። ሌላው ሁለት ሳምንት የሚታገሥ የቅቤ ኩኪስ ሠርቶ «ለልደት የሚከፈት» ብሎ መጻፍ ነው። ለሙስሊም ወዳጅ ሲሆን የአሳማ ስብና አልኮል ያለበት ቫኒላ ይታሰባል። እስራኤል ውስጥ የፉሪም በዓል ሲደርስ የተዘጋጀ ምግብ ለወዳጅ መላክ ግዴታ የሆነባቸው ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ የኮሸርን ሕግ ያስባሉ። ሁሉም ያው ጥያቄ ነው፤ ማን፣ መቼ ይከፍተዋል?

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያውና ጠንካራው «ኩኪስ ትኩሱ ነው የሚጣፍጠው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ የሚያስበው የቸኮሌት ቺፕ ኩኪን ነው። በ1930ዎቹ ሩት ዌክፊልድ የተባለች የምግብ ባለሙያ በማሳቹሴትስ በዊትማን ከተማ በነበራት ቶል ሃውስ የተባለ እንግዳ ማረፊያ የፈጠረችው ይህ ኩኪ ዳሩ ደረቅ፣ መሐሉ ለስላሳ፣ ቸኮሌቱ ገና የቀለጠ ሲሆን አቻ የለውም። ያ ልዩነት ግን የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። ዳሩና መሐሉ በአንድ ቀን ውስጥ ውሃ ተከፋፍለው ይመሳሰላሉ፣ ቸኮሌቱ ይረጋል። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ የሚጋገር የቤት ኩኪ ነው፤ በሣጥን ሲላክ የሚደርሰው የራሱ ትዝታ ብቻ ነው። ሾርትብሬድ ለብዙ ቀናት ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም፤ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት ነውና እንቁላልም ወተትም የለው፣ የሚያረጅበት ነገር ጥቂት ነው። ትኩስነት የሁሉም መለኪያ ይሁን ከተባለ ትኩስ ቡናና የተቀመጠ ጠጅ በአንድ ሚዛን ይቀመጡ እንደማለት ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በየከተማው የሚሰማ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ያምራል፣ ይረክሳል፣ ይቆያል፤ ታዲያ ምን ያለፋል? በዋጋ በኩል ተከራክሮ ማሸነፍ አይቻልም፤ ፋብሪካ ዱቄቱን በቶን ይገዛል። በመቆየትም ፋብሪካው ይበልጣል። ፋብሪካው የማይችለው ግን አንድ ሰውን ማሰብ ነው። የሱቁ ብስኩት ለማንም እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ስኳሩ ለሁሉም፣ ቅመሙ ማንንም እንዳያስቀይም። የቤቱ ሣጥን ለጾመኛዋ አክስት ያለ ቅቤ፣ ለኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት ልጅ ያለ ኦቾሎኒ፣ ኮረሪማ ለሚወድ አባት ኮረሪማው ጎልቶ ሊሠራ ይችላል። አክስት ሣጥኑን ከፍታ ሳትጠይቅ፣ ሳትጠራጠር አንዱን አንሥታ አፏ ውስጥ የምታደርገው ጋጋሪዋ ጾሟን እንደምታውቅ ስለምታውቅ ነው። ያን መተማመን ዋጋ የሚተምንለት መደብር የለም። ግን ይህ የሚሠራው ጋጋሪው በእርግጥ ካሰበ ብቻ ነው። ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት ሣጥን የሚያዘጋጅ ሰው ከፋብሪካው ጋር በፋብሪካው ሜዳ ይወዳደራል፣ ይሸነፋልም፤ ለአምስት ሰው ቢያደርገው ይሻለው ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፣ በቅንነትም መመለስ ይገባዋል። የበዓል ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶች ጫንቃ ላይ ነው። ዶሮው፣ ጠላው፣ ዳቦው፣ ቤት ጽዳቱ ሳያንስ የኩኪስ ሣጥን መጨመር ሌላ ሸክም ነው ይባላል። ሣጥኑ በዋዜማው የሚሠራ ከሆነ ክሱ ልክ ነው፤ አምስት ዓይነት ሊጥ በአንድ ሌሊት የሚሠራ ሰው በዓሉን የሚቀበለው ደክሞ ነው። ነገር ግን ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር እዚህም መልስ ይሰጣል። የማርና የቅመም ብስኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ይጋገራል። ሾርትብሬዱና ሰሊጡ ከአሥር ቀን በፊት ቢሆኑ ምንም አይጎድላቸውም። ሊጥ ተጠቅልሎ በፍሪዘር ወር ያህል ይቀመጣል፣ በተፈለገ ቀን ተቆርጦ ይገባል። ሥራው በሳምንት አንድ ምሽት ይሆናል፤ አንድ ምሽት ደግሞ ለባልም ለልጆችም መከፋፈል ይቻላል፣ ማድቦልቦልና መቁረጥ የማይችል እጅ የለምና። ዋዜማው ላይ የሚቀረው መደርደር ብቻ ነው። በዋዜማው ማለቅ ያለበት ምግብ ሸክሙን በአንድ ሰው ላይ ይቆልላል፤ መቆየት የሚችለው ሸክሙን በቀናትና በሰዎች ላይ ይበትነዋል።

ስንት ዓይነት ይሁን የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኖርዌይ ውስጥ ለገና ሰባት ዓይነት ኩኪስ መጋገር የቆየ ልማድ ነው፤ ስዊድን ውስጥም ቡና ሲቀርብ ሰባት ዓይነት ማቅረብ የባለሙያ ምልክት ነበር፣ በ1945 የታተመ ታዋቂ የመጋገሪያ መጽሐፍም ስሙን ከዚያው ወስዷል። ሰባት ግን ለገበታ ነው፤ ባለቤቲቱ እዚያው አለች፣ ትሪው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ለሣጥን ሦስት ወይም አራት በቂ ነው፤ የውሃ ልካቸው ተቀራራቢ፣ ቅርጻቸውና ጣዕማቸው ግን የተራራቀ። አንድ የቅቤ፣ አንድ የቅመም፣ አንድ የሰሊጥ፣ ከፈለጉ አንድ በቸኮሌት ግማሹ የተነከረ። ልዩነቱን ዓይንና ምላስ ያየዋል፣ ሣጥኑ ውስጥ ግን ጠብ አይነሣም።

የአገር አየርም ስሌት ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ጋዝም ይበልጥ ይሰፋል። የፈረንጅ አገር ቁጥር እንዳለ ሲወሰድ ኩኪሱ ተንጣልሎ እንደ ቂጣ ይሳሳል። ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ ሁለት ሦስተኛው ማውረድ፣ ስኳሩን ጥቂት መቀነስ፣ የፉርኖ ዱቄቱን በማንኪያ መጨመር ያስተካክለዋል። የታኅሣሥ ደረቅ አየር ደግሞ ለጋጋሪው ይረዳል፤ በክረምት ዝናብ አንድ ሌሊት ክፍት ያደረ ኩኪስ የሚለሰልሰውን ያህል በበጋ አይለሰልስም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዳርቻ ላይ ላለ ጋጋሪ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ኩኪሱ እንደቀዘቀዘ ሰዓት ሳይሰጠው ቆርቆሮ ውስጥ መግባት አለበት። እንደቀዘቀዘ የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ለብ ያለ ኩኪስ ሲከደንበት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ የሁለት ሳምንት ሥራ በአንድ ሌሊት ይለሰልሳል።

መደርደሩ አጭር ሥራ ነው። ከባዱና ጠንካራው ከታች፣ ተሰባሪው ከላይ፣ በየመሐሉ የመጋገሪያ ወረቀት። ጠፍጣፋ ኩኪስ ተኝቶ ከሚቀመጥ ይልቅ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ቢደረደር መንገድ ላይ ይተርፋል። ባዶ ቦታ አይተው፤ ሣጥኑ ተነቅንቆ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ዱቄት ለመሆን መንገድ ጀምሯል። የካርቶን ሣጥን ያምራል፣ ነገር ግን እርጥበት ያስገባል፣ ቅባት ያሳልፋል፤ ስለዚህ ቆርቆሮው ለመቆያ፣ ካርቶኑ ለመስጫው ዕለት ይሁን። በፖስታ ከሆነ ቆርቆሮው ራሱ ሌላ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ጥሬ እንቁላል ነጭ የገባበት ጌጥ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ አይላክም።

ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍ። የእያንዳንዱ ስምና የገባበት ነገር በግልጽ ይጻፍ፤ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስንዴ። ጾም የሆነውና ያልሆነው ይለይ። የተጋገረበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይቀመጥ፣ አያት ቤት የሚደርሰውን የልጅ ልጆቹም ያነቡታልና። ከታች የአበላል ተራው ይጻፍ፤ በቸኮሌት የተነከረው በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሾርትብሬዱና ሰሊጡ ቀጥሎ፣ የማሩ ብስኩት መጨረሻ። ቆርቆሮው የሚመለስ ከሆነ ያም ይጠቀስ፤ ባዶውን መልሶ መላክ የማይሆንለት ሰው የራሱን ዳቦ ቆሎ ሞልቶበት ሊመልሰው ይችላል።